የዱቼ ቁርጥራጭ

በ1966 እ.ኤ.አ. ለአንዲት ኢጣሊያዊት መበለት ከአሜሪካ መንግሥት ጥቅል ነገር ደረሳት። ሴትየዋ ራኬሌ ሙሶሊኒ ናት። ውስጡ የነበረው የባሏ የዱቼ አንጎል ነው፤ ሙሉው ሳይሆን ቅንጣቢው። በ1945 ሚላኖ ላይ አስከሬኑ ሲመረመር አሜሪካኖች ቁራጭ ወስደው ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሴንት ኤልዛቤትስ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ልከውት ነበር። ሰውየውን ያሳበደው ቂጥኝ ይሆን እንዴ ብለው ነው። ሃያ ዓመት አስቀመጡት፤ የሚረባ ነገር አላገኙበትም፤ መለሱት። እኔን ይህች "አላገኙበትም" የምትለው ነገር ሰላም ትነሣኛለች። በሽታ ቢገኝበት እኮ ይሻል ነበር። ያን ሁሉ የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን ያዘነበብን በሙሉ ጤንነቱ ነው ማለት ነው።

ራኬሌ በኋለኛው ዕድሜዋ ፕሬዳፒዮ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታ ፓስታ ትሸጥ ነበር። ቅንጣቢውን ወስዳ ከባሏ ጋር ቀበረችው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2009 ደግሞ ደሙና አንጎሉ ነው የተባለ ነገር ኢቤይ ላይ በ15,000 ዩሮ መነሻ ዋጋ ለጨረታ ወጣ። የልጁ ልጅ አሌሳንድራ ሙሶሊኒ፣ ያኔ የምክር ቤት አባል ነበረች፣ ጮኸች፤ ማስታወቂያውም ወረደ።

እንዲህ ያለ ወሬ እወዳለሁ። ባለቤቴ "ሰው መጽሐፍ ይሰበስባል፣ አንተ ሬሳ ትሰበስባለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ኤዲንብራ ከተማ፣ ሰርጅንስ ሆል በሚባለው ሙዚየም ውስጥ፣ ከሰው ቆዳ የተሠራች ትንሽ የኪስ ማስታወሻ ደብተር መሸፈኛ እንዳለች ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ቆዳው የዊልያም በርክ ነው። በርክና ጓደኛው ሄር በ1828 አሥራ ስድስት ሰው ገድለው ሬሳውን ለአናቶሚ መምህር የሸጡ ጉዶች ናቸው። በርክ በጥር 1829 ተሰቀለ፤ የእሱም ሬሳ በተራው ተቆራርጦ ለትምህርት ዋለ፤ ከቆዳውም ይቺ ደብተር ወጣች። ሉዊዚያና ውስጥ በ1934 ዘራፊዎቹ ቦኒና ክላይድ መኪናቸው ውስጥ በጥይት የተበሳሱ ዕለትም ሕዝቡ ግር ብሎ መጥቶ የቦኒን ፀጉርና ደም የነካውን ቀሚሷን ሲቆርጥ፣ አንዱ ደግሞ በሰንጢ የክላይድን ጆሮ ሊወስድ ሲታገል ነበር የተያዘው።

ይህን ሁሉ እያወራሁ እስቃለሁ። መቅደላ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይቆማል። በ1868፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠቻቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ ዘልቀው የገቡት ወታደሮች ልብሳቸውን ቀዳደው፣ ፀጉራቸውን ቆርጠው ተካፈሉ። ለእንግሊዝ ጋዜጣ አንባቢ እሳቸው ያ እስረኛ የሚያሠቃየው እብድ ንጉሥ ነበሩና ፀጉራቸው እንደ ክላይድ ጆሮ ነው። ከዚያ ፀጉር የተወሰነው ንጉሡን በሞቱበት የሣለ ሠዓሊ ቤተሰብ ዘንድ ኖሮ፣ በ1959 ለንደን ለሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ፤ በ2019 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘጠና ዓመት ያህል በግለሰብ ቤት! ልጆች ሲያድጉ፣ ቤት ሲቀየር፣ ዕቃ ሲጠረግ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ የንጉሥ ፀጉር አለ። እንግዳ ሲመጣ ያወጡት ይሆን? ወይስ አያት ሲሞቱ ነው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" የተባለው?

እንግዲህ በዚህ አመል ላይ ቦሎኛ ዘመድ ማግኘት ሲጨመርበት ሰው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የአክስቴ ልጅ እዚያ አለች። ብዙ ስለምትበልጠኝ እትዬ እያልኳት ነው ያደግሁት። ዘጠናን የተሻገሩ አንዲት ሲኞራ ታስታምማለች፣ አብራቸውም ትኖራለች። ሲኞራ በልጅነታቸው በጦርነቱ ጊዜ በብስክሌት የፓርቲዛን መልእክት ያመላልሱ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ነው እንጂ የደከመው፣ አፋቸው ገና ነው።

ቡና ስንጠጣ "የሙሶሊኒን መቃብር ማየት እፈልጋለሁ" አልኩ። እትዬ ተረጎመች። ሲኞራ ስኒያቸውን አስቀምጠው ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?"

"ብርድ አለ፣ ደርበህ ልበስ አሉ።"

ፊታቸው ላይ ግን የብርድ ነገር አይታይም ነበር። ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩና ራሳቸው ሳቁ፤ ይህኛውን እትዬ በትክክል ተረጎመችልኝ። ሚላኖ ውስጥ የሱን የኮት ቁልፍ ይዣለሁ የማይል ቤተሰብ የለም፣ ቁልፎቹ ቢሰበሰቡ ለአንድ ክፍለ ጦር ካፖርት ይተርፋሉ ነው ያሉት።

እትዬ ብቻህን አትሄድም ብላ የእሑድ ዕረፍቷን ሰዋችልኝ። በባቡር ፎርሊ ደረስን። ከዚያ ወደ ፕሬዳፒዮ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከተማው አውቶቡስ ግን በእሑድ ቀን የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የጉዞ አውቶቡስ ቆሟል፤ ረጃጅም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች ባንዲራ ጠቅልለው ይገባሉ። እትዬ ሄዳ ጠየቀች። "ፕሬዳፒዮ ነን፣ ቦታ አለ፣ ግቡ" ተባለ። "የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ይመስለኛል፤ እግዜር ይስጣቸው" አለችኝ። ገብተን ከኋላ ተቀመጥን።

አውቶቡሱ ማሞቂያ ነበረው። ትንሽ እንደሄድን ሙቀቱ በረታና ተሳፋሪው ካፖርቱን ማውለቅ ጀመረ። አንዱ አወለቀ፤ ጥቁር ሸሚዝ። ጎኑ ያለው አወለቀ፤ ጥቁር ሸሚዝ። ከፊት እስከ ኋላ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ለካ ቀኑ ኦክቶበር 28፣ ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን የያዘበት የሮማ ጉዞ መታሰቢያ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በልደቱ፣ በሞቱና በዚህ ቀን፣ ከየአገሩ ይሰበሰባሉ። እትዬ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ማማተብ ጀመረች። እኔ ካፖርቴን ይበልጥ ቆለፍኩ፤ ላቤ ግን ይንቆረቆራል።

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘወር ብለው "አቢሲኒያ?" አሉን።

"ኢትዮጵያ" አለች እትዬ፣ ስትቆጣ በምታወጣው ድምፅ።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። አባታቸው እኛ አገር የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። "ደሴ! ኮምቦልቻ! ጣርማ በር!" እያሉ ከብዙ የአዲስ አበባ ልጅ በተሻለ ይጠሩታል። ጣርማ በር ሲሉ ዋሻው ትዝ አለኝ፤ ኢጣሊያኖች የቆፈሩት፣ ያኔም በሙሶሊኒ ስም የጠሩት። ነገሩን ካሰቡት ትልቁ የዱቼ ማስታወሻ ያለው እኛ ጋ ነው፤ በየቀኑ በሲኖትራክ ጡሩምባ እየነፋን እንሾልክበታለን።

በእትዬ አስተርጓሚነት ወሬ ተጀመረ። እሷ የፈለገችውን ብቻ ስለምታስተላልፍ የሰማሁት ግማሹን ነው። ሽማግሌው ዱቼን የገደሉት እንግሊዞች ናቸው ባይ ናቸው። ከቸርችል ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ፣ እነሱን ለመሰወር ነው ያጠፉት ይላሉ። ይህ ወሬ በኢጣሊያ አሁንም ይሸጣል። ያጠናከረውም ቸርችል በዚያው ዓመት ኮሞ ሐይቅ ዳር ሥዕል ሊሥል መሄዱ ነው፤ ምስኪን ብሩሽ ይዞ ቢሄድም ደብዳቤ ፍለጋ ተባለበት።

መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። አፕሪል 27 ቀን 1945 ዶንጎ ከምትባል የሐይቅ ዳር መንደር፣ በሚሸሹ ጀርመኖች የጭነት መኪና ላይ፣ የጀርመን ካፖርትና የብረት ቆብ አጥልቆ ፓርቲዛኖች ያዙት። በማግሥቱ፣ በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጁሊኖ ዲ ሜዜግራ በተባለ ቦታ፣ የአንድ ቪላ በር ላይ፣ ከውሽማው ከክላሬታ ፔታቺ ጋር ተረሸነ። ገዳዩ "ኮሎኔል ቫሌሪዮ" የሚባለው ዋልተር አውዲዚዮ ነው። መሣሪያው ነክሶበት የጓደኛውን ፈረንሳይ ሠራሽ መትረየስ ተቀብሎ ተኮሰ ይባላል። ያ መትረየስ አሁን የት ያለ ይመስላችኋል? አልባኒያ፣ ቲራና ሙዚየም ውስጥ። ዱቼ የወረራት አገር በስጦታ ወስዳ ሰቅላዋለች። ችግሩ አውዲዚዮ ራሱ ታሪኩን ባወራ ቁጥር መለዋወጡ ነው፤ ለተረት ፈጣሪ ከዚህ የተሻለ ምሥክር ከየት ይገኛል?

ሬሳው ሚላኖ ፒያሳሌ ሎሬቶ ተወስዶ በነዳጅ ማደያ ብረት ላይ በእግሩ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ቦታው ዝም ብሎ አልተመረጠም፤ ከስምንት ወር በፊት አሥራ አምስት ፓርቲዛኖች ተረሽነው ሬሳቸው ለሕዝብ መቀጣጫ የተዘረጋው እዚያው አደባባይ ላይ ነበር። እኛ አገር ያደገ ልጅ የሙሶሊኒን ሞት የሚያውቀው ከዚህ ፎቶ ነው። ሽማግሌው ግን ሎሬቶ ሲነሣ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ።

ፕሬዳፒዮን መቼም ከተማ አልላትም፤ የትያትር መድረክ ናት። ከ1925 ጀምሮ የትውልድ ስፍራውን ለማክበር እንደ አዲስ ያሠሯት ናት። መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃው ከሰው በላይ። የሚገርመው ከጦርነቱ በኋላ እስከ 2019 ድረስ የኖሩት ከንቲባዎች ግራ ዘመሞች ናቸው። የዱቼ ምስል በሚሸጥበት ጎዳና ላይ ኮሚኒስት ቆሻሻ ሲያስጠርግ ኖረ ማለት ነው።

መቃብሩ ሳን ካሲያኖ በሚባለው መካነ መቃብር ሥር፣ ደረጃ ተወርዶ ነው። እዚህ ለመድረስ ሬሳው ያየው አበሳ ብዙ ነው። መጀመሪያ ሚላኖ ሙሶኮ መቃብር ስም በሌለው ጉድጓድ ቀበሩት፤ ማንም እንዳያመልከው። በ1946 የትንሣኤ ሰሞን ዶሜኒኮ ሌቺዚ የተባለ ወጣት ፋሺስት ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ቆፍሮ ሰረቀው። ፖሊስ ወራት ፈልጎ በነሐሴ ፓቪያ አጠገብ ካለ ገዳም ሣጥን ውስጥ አገኘው። መንግሥት በዚህ ደንግጦ ሬሳውን ቼሮ ማጆሬ በተባለ የካፑቺን ገዳም ደበቀ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሚስቱ እንኳ የት እንዳለ አልተነገራትም። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አዶኔ ዞሊ የቀኝ አክራሪዎቹ የምክር ቤት ድምፅ አስፈለገውና ለቤተሰቡ መለሰው። በድምፅ ተገዝቶ ነው የተቀበረው። ሌባው ሌቺዚም ያኔ የምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር።

ከታች ጥቁር ካባ የለበሱ የክብር ዘበኞች ቆመዋል። ትልቅ የራሱ ሐውልት፣ የድንጋይ ሣጥን፣ አበባ፣ የጎብኚ መዝገብ። ሰዎች እያለቀሱ ይፈርማሉ፤ የዕድሜዬ እኩያ የሆነ ጎረምሳ ሣጥኑን ሲስም አየሁ። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ወደ መዝገቡ ወሰዱኝና ብዕር ሰጡኝ። እትዬ በሩ ላይ ቀርታለች፤ "የኔ እግር እዚያ አይገባም" ብላ። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነው። ጎላ አድርጌ "የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም." ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው አጎንብሶ አየው፤ ፊደሉን ወደደው መሰለኝ፣ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀልኝ። ያ መዝገብ ካልተቀደደ አሁንም እዚያው አለ።

ስንወጣ ሽማግሌው ወደ ሱቆቹ ወሰዱን። የዱቼ ምስል ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም፤ ወይን ጠርሙስ፣ ሽርጥ፣ የዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ ላይተር፣ የሕፃን ልብስ። አገጩን ወደ ላይ የሰቀለ መላጣ ራስ በነጭ ሸክላ፣ በጥቁር ሸክላ፣ በነሐስ፣ ከአውራ ጣት እስከ እንሥራ በሚያክል መጠን። የካልቾ ቡድን ዕቃ መሸጫ ነው የሚመስለው። ከዚህ ሁሉ አንድም የእሱን እጅ የነካ ነገር የለም። በርክ ቢያንስ ቆዳው የራሱ ነው።

ቡና ጋበዙን። ደግ ሰው ናቸው፤ ይሄ ነው ያስቸገረኝ። ለእትዬ ወንበር ሳቡላት፣ ኬክ አዘዙላት፣ ስልካቸውን አውጥተው የአባታቸውን አልበም አሳዩን። ልጃቸው ነው ከአሮጌው ፎቶ ያነሣላቸው። አባትየው በቅሎ ይዘው። አባትየው ከመኪናቸው ጋር፣ ጎማው አጠገብ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ወደ ካሜራው ዓይኑን አጥብቦ ያያል። ክብ ቤተ ክርስቲያን። ገበያ። ሽማግሌው በጣታቸው ይገፋሉ፣ እኛ "እሺ" እንላለን። ከዚያ ሰዎች በክብ የቆሙበት ፎቶ መጣ፤ መሀላቸው መሬት ላይ የሆነ ነገር አለ። እኔ ዓይኔን ሳልጥልበት ስልኩ ጨለመ። ሽማግሌው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?"

እትዬ ይህን ጊዜ አላጭበረበረችም። "የቀሩት አይታዩም አሉ። መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ሚስታቸውም አይታ አታውቅም።"

እኔ ያንን አልበም አላየሁትም። ግን የዚያ ዘመን የኢጣሊያ ወታደሮች ምን ዓይነት ፎቶ ያነሡ እንደነበር አይተናል፤ የአርበኛ ራስ ቆርጠው ይዘው፣ እየሣቁ፣ ለእናት አገር ሰው የሚላክ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሸክላ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። ሰው እንደ ልቡ ሸክላውን እንዲገዛ፣ ከመሳቢያው እጁን እንዲሰበስብ።

ሊለዩን ሲሉ ሽማግሌው ከወረቀት ከረጢት አንድ ነገር አውጥተው መዳፌ ውስጥ አስቀመጡ። የቁልፍ መያዣ ነው። ከነሐስ የመሰለ ብረት የተሠራ የዱቼ ራስ። "ለአዲስ አበባ" አሉ። እምቢ እንዳልል ዕንባ አቅርረዋል፤ እሺ እንዳልል የዘር ማንዘሬ አጥንት ይወጋኛል። ሳልመልስ ኪሴ ገባ።

ፎርሊ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬው ተነሣሁ። አንዲት ልጅ እየሮጠች "ሲኞሬ! ሲኞሬ!" ብላ አመጣችልኝ። ባቡር ውስጥ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ልጥለው ስል ተቆጣጣሪው ደረሰ፤ ከነብረቱ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ፣ የእትዬንና የእኔን ቆዳ እንደገና አየ፣ ቲኬታችንን ሁለት ጊዜ መረመረ። እትዬ "እኔ ቤት ማርያም ተሰቅላለች፤ ይሄ አይገባም" አለች። ገባ ግን፤ የት ይደር?

ሲኞራ ሳሎን ተቀምጠው ሲጠብቁን አገኘናቸው። እትዬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አውቶቡሱን፣ ጥቁር ሸሚዙን፣ ኬኩን። የቁልፍ መያዣው ላይ ስትደርስ እጃቸውን ዘረጉ። በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። መቀስና ክር አስመጡ። ቀለበቱን በመቀሱ ጫፍ ፈልቅቀው ጣሉት፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አናግዝም ብለው፣ ክሩን ከአንገቱ ሥር አዙረው ቋጠሩ። ከዚያ በከዘራቸው ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡና ነጭ ሽንኩርት የሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ራሱ ወደ ታች። ጥቂት ተወዛወዘና ረጋ። ሲኞራ እጃቸውን ታጥበው እራት አሉ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ እትዬ በየጊዜው ወሬውን ትነግረኛለች። የሲኞራ ልጅ ሚላኖ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ዝም ያለ ሰው ነው፣ ፖለቲካ አይወድም፣ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሬሳ አይሰቀልም ባይ ነው፤ እናቱ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ክሩን ፈትቶ ቅመም መደርደሪያው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሲኞራ እሱ ሲሄድ እንደገና ያንጠለጥሉታል። አንዳቸውም ስለ ነገሩ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ትናንት ደወልኩና "እህስ፣ እንዴት ዋለ?" ብላት፣ እትዬ ድምፅዋን ቀንሳ "ቆሟል፤ ልጅየው ምሳ እየበላ ነው። ማታ ደውል" አለችኝ።